እማዬ ያላስነካችው ቦይለር

ለምትናፍቀኝ ታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህንስ ተሻለህ? ብርዱ ገብቷል ብለኸን ነበር፤ ደርበህ ትለብሳለህ ወይስ ዛሬም እንደ ልጅነትህ በሸሚዝ ብቻ ትወጣለህ? እኛ ከቦይለሩ በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን።

አዎ፣ ያው ልትሄድ ስትል በገዛ እጅህ የገጠምከው ቦይለር። ወር ሙሉ እንደ ድስት ሲንደቀደቅ ከርሞ ባለፈው ሳምንት ጭራሹን ማሞቅ ተወ። መብራቱ ይበራል፣ ውሃው ግን በረዶ ነው። እማዬ ደግሞ ያ ቁርጥማቷ ብሶባት፣ ጠዋት እጇን ሙቅ ውሃ ውስጥ ካልዘፈዘፈች የቀሚሷን ቁልፍ እንኳ መቆለፍ ያቅታታል። ሠራተኛ ልጥራ ብላት የልጄን ሥራ ማንም አይነካብኝም አለች።

«እመት ለምን» ብለህ ስም ያወጣህልኝ አንተ ነህና ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። ገበያ እስክትወጣ ጠብቄ ቧንቧ ሠራተኛ ጎረቤታችንን በጓሮ በር አስገባሁት። ውሃውን አፍስሶ የቦይለሩን ሆድ ሲከፍተው አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ በጥያቄ አደረቅኩት። ማሞቂያ ብረቱ ነጭ ቅርፊት ለብሶ አውራ ጣት አክሏል፤ ከሥሩም ሁለት ጣሳ ሙሉ አሸዋ የመሰለ ዝቃጭ ወጣ። ውሃችን ኖራ ይበዛበታል አለኝ። ኖራው ሲጋገርበት ብረቱ ሙቀቱን ለውሃው መስጠት ያቅተውና ራሱን ያቃጥላል። ያ ሁሉ መንደቅደቅም ከዝቃጩ ሥር የታፈነው ውሃ ሲፈላ ነበር። በዓመት አንዴ ቢታጠብ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። እኔ ደግሞ ጋኔን የገባበት መስሎኝ!

ከዚያ ቀና ብሎ ቧንቧዎቹን አየና ሳቀ። ወንድምዬ፣ እንዳትቀየመኝ፤ የቀዝቃዛውን መግቢያና የሙቁን መውጫ አቀያይረህ ነው የገጠምከው። ሙቁ ውሃ ከላይ ሲቀመጥ እኛ ከታች ያለውን ስንቀዳ ስምንት ዓመት ኖርን። በስልክ ውሃው እንዴት ነው ስትላት እማዬ «ያቃጥላል» ትልህ አልነበር? ከለብታ አልፎ አያውቅም።

በዚህ መሃል እማዬ ቦርሳዋን ረስታ ኖሮ ከች አለችብን። ነገሩን ስነግራት አልደነቃትም። ለካ ድሮ ቤቱን የቀባው ቀለም ቀቢ አይቶ ነግሯት፣ ለማንም እንዳይናገር አስምላው ኖሯል! ለምን ብላት፣ «ልጄ ሲሰናበተኝ እጁ ከቧንቧ ዝገቱ ሳይጸዳ ነው ያቀፈኝ፤ ለብ ቢልም የእሱ ሥራ ነው» አለችኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አሁን የተገዛው አዲስ ማሞቂያ ብረት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፣ እሷ ግን አንተ ሳትፈቅድ ፍንክች አልልም ብላለች። ብረቱ መቃጠሉን ጻፊለት፣ ስለ ቧንቧዎቹ ግን አንድ ቃል እንዳይወጣሽ አለችኝ። እስከዚያ ውሃ በማንቆርቆሪያ አሞቅላታለሁ፤ ጣቶቿ ሳይፍታቱ ይቀዘቅዝባታል። ስለዚህ ይህ እንደደረሰህ ደውልላትና፣ «እማዬ፣ ያኔ ቧንቧዎቹን ሳላቀያይራቸው አልቀረሁም፣ ዛሬ ትዝ አለኝ፣ አስተካክሉት» በላት። የነገርኩህ እኔ መሆኔን እንዳታውቅ።

ባለቤቴ እጅ ይነሳሃል። ልጄ አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው ትላለች። ቧንቧ ሠራተኛውም ሰላም በዪልኝ፣ የቧንቧዎቹ ማሰሪያ ግን ጠንካራ ነው፣ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም ብሏል። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ እጆቿን እያሻሸች ነው። ምን ልበልልሽ ብላት፣ «ቦይለሩ እስኪበላሽ ድረስ ውሃው ያቃጥል ነበር በዪው» አለችኝ።

እህትህ

ከእናታችን ቤት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ወር በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን።