ለአያቴ ለሊቀመንበሩ፦ ስለ ተቆረጠችው የደወል ሽቦ

ለተከበሩ አቶ ታይስቶ ሁቲነን
የሎኪሳልሚ የውሃ ስኪ ክለብ ሊቀመንበር
በክለቡ ሳውና፣ ላይኛው እርከን ላይ

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ መልካም ጤንነት እመኝልዎታለሁ። ከሰኔው የዮሐንስ በዓል ዋዜማ ጀምሮ ይዞዎት የነበረውና «ቢራው ነው» ብለው ያለ ሐኪም እርዳታ የመረመሩት ራስ ምታትም ለቀቅ እንዳደረገዎት ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን ደብዳቤ በሳውናው በር ላይ የለጠፍኩት ማንንም ለማሳፈር አይደለም። የቦርዱ ውሳኔዎች ሁሉ የሚተላለፉት እዚያ ውስጥ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ በመሆኑ፣ ይህን በር ሳይነካ የሚያልፍ ባለሥልጣን እንደማይኖር ስለማውቅ ነው።

አያቴ መሆንዎን አልዘነጋሁም። ነገር ግን በቁርስ ሰዓት ያቀረብኩት አቤቱታ ሁሉ «እስቲ ገንፎሽ ሳይቀዘቅዝ ብዪ» የሚል ውሳኔ እየተሰጠበት ስለተዘጋ፣ ዛሬ የምጽፍልዎ የልጅ ልጅዎ ሆኜ ሳይሆን በአባልነት ቁጥር ስልሳ አንድ የተመዘገብኩ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የሆንኩ ተራ አባል ሆኜ ነው። አቤቱታዎቼም እንደሚከተለው በቁጥር ቀርበዋል።

አንደኛ፤ ጎታቿ ጀልባችን በግንቦት ወር ውሃ በገባች ማግስት አራት ጊዜ ጢጥ ብላ ዝም የምትል፣ ጥቂት ቆይታ ደግሞ አራት ጊዜ ጢጥ የምትል ደወል ማሰማት ጀመረች። ቦርዱ ሳይውል ሳያድር የደቦ ሥራ ስለ ጠራ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ክለቡ መካኒኬ ነው የሚላቸው ጋሽ ኦይቫ ጆሯቸውን ሞተሩ ላይ ለጥፈው «ዘይት ነው፤ እኔ ድምፁን አውቀዋለሁ» አሉ፤ ዘይቱ ተቀየረ፤ ጢጥ። እርስዎ «ምን ዘይት አመጣው፣ ባትሪው ነው እንጂ» አሉ፤ ባትሪው ተቀየረ፤ ጢጥ። አባቴ ካውኮ የውሃ ፓምፑን ፈትቶ አንዲት ጣት የምታህል አረም አወጣና እንደ ትልቅ ዓሣ ከፍ አድርጎ አሳየን፤ ጭብጨባው ሳያልቅ፣ ጢጥ። በመጨረሻ አንድ ሰው መመሪያ መጽሐፉ ቢታይስ ብሎ ጠየቀ። መጽሐፉ ባለፈው ጥቅምት የሳውናው ምድጃ መለኮሻ እንደ ሆነ ያስታወሱት እርስዎ ራስዎ ነዎት። «ወረቀቱ ግን ደህና ይነድ ነበር» ብለው ስላጽናኑን አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ሽማግሌዎቹ በጥበብ ሲመረምሩ እኔ ጥበብ ስለሌለኝ ደወሉ በጮኸ ቁጥር በደብተሬ እጽፍ ነበር። አሥራ አንድ ጊዜ ጮኸ። አሥራ አንዱንም ጊዜ ጀልባዋ ቆማለች፣ ሞተሩ እየሠራ ነው፣ የዝናብ ሸራውም ተዘግቷል። እየሮጠች ሳለች አንድም ቀን አልጮኸችም። ይህንን ለቦርዱ ሳነብ ጋሽ ኦይቫ «ታዲያ አንቺ ልጅ፣ ደወሉ ሸራ ይጠላል ነው የምትዪው?» ብለው ጠየቁኝ፤ እርስዎም እስኪያስልዎት ሳቁ። በቃለ ጉባኤው ላይ «ሌሎች ጉዳዮች፦ የሉም» ተብሎ ተጻፈ። ይህን ያህል አጭርና ጥርት አድርጎ መጻፍ የሚችል ቦርድ ስላለን ልንኮራ ይገባል።

ሦስተኛ፤ ከበዓሉ ዋዜማ አንድ ቀን ቀደም ብሎ የጩኸቱን ምንጭ እርስዎ አገኙት። ከኋላው መቀመጫ ሥር የተሰቀለች፣ የክለቡ የሃምሳኛ ዓመት ተለጣፊ የተለጠፈባት ነጭ ሳጥን ነበረች። የምትጮኸው ለምን እንደሆነ አልጠየቋትም። ፒንሳዎን አወጡ፣ ሽቦዋን ቆረጡ፣ «በቃ፣ አሁን ሰላም አገኘን» አሉ። ተለጣፊውን የለጠፉት እርስዎ ነዎት፤ ያን ዓመት ያልለጠፉበት ነገር ውሻችን ብቻ ነው። በኋላ በጥፍሬ ፍቄ ሳነሳው ከሥሩ በሦስት ቋንቋ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይል ነበር፤ ከሞተር ጭስ ጋር የሚወጣ፣ የማይታይና የማይሸት መርዝ ነው። ሦስቱንም ቋንቋ እርስዎ ያነባሉ።

አራተኛ፤ በዚህ ቁጥር ላይ ቀልድ ቢያጥረኝ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ እንደ ወትሮው ዘነበ። ጀልባዋ በሐይቁ ዳር ካለው የእንጨት መትከያ ጋር ታስራለች፣ ሸራው ተዘግቷል፣ ማሞቂያው እንዲሠራ ሞተሩ አልጠፋም። እናንተ ሦስታችሁ፣ እርስዎ፣ ጋሽ ኦይቫና አባቴ፣ ከፊት ተቀምጣችሁ፣ እኔ ከመትከያው ላይ የምጠብሰውን ቋሊማ ለመቀበል የሸራውን የፊት ዚፕ ስለከፈታችሁ በዚያ ቀዳዳ አየር እየገባላችሁ ነበር። የዘጠኝ ዓመቷ እህቴ ፒህላ ከስኪ ወጥታ፣ በፎጣ ተጠቅልላ፣ ከኋላው መቀመጫ ላይ ተኛች፤ ማለትም ከጭስ ማውጫው በላይ፣ ከነጯ ሳጥን በላይ። ሸራ ስለሚጠላው ደወል የተሳቀበትን ቀልድ ጋሽ ኦይቫ አንድ ጊዜ ደገሙት።

ቋሊማዋን ከሰናፍጯ ጋር ይዤ ስገባ ጋሽ ኦይቫ «ተያት፣ ትተኛ፤ ዛሬ ሦስት ዙር ነው የሄደችው» አሉኝ። አባቴም «ጉንጯ እንዴት እንደቀላ እያት፣ ሙቀቱ ተስማምቷታል» አለ። ጠራኋት። ነቀነቅኳት። እጇ ከፎጣው ወጥቶ ወደ ታች ወደቀና እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ያለውን እርስዎም ያውቁታል፤ በእቅፍዎ ተሸክመው ወደ መትከያው ያወጧት እርስዎ ነዎት፣ አምቡላንሱ እስኪመጣ አርባ ደቂቃ በዝናብ የተንበረከኩትም እርስዎ ነዎት። ይህን የምጽፈው በዚያ ሰዓት ያደረጉትን እንዳላየሁ እንዳይመስልዎ ነው። አይቻለሁ።

አምስተኛ፤ በሆስፒታል ሐኪሟ ኦክስጅኑን ካስተካከለች በኋላ «ጀልባው ላይ የጋዝ ደወል አልነበረም?» ብላ ጠየቀች። አባቴ ጫማውን አየ። እርስዎ መስኮቱን አዩ። መልሱን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ቦርዱ ግን በበኩሉ ጉዳዩን በሳምንቱ መርምሮ «አንዲት ሕፃን ጀልባ አጥወልውሏት ወደ ቤት ሄዳለች» ሲል መዝግቧል፤ ኬክም ልኮልናል፤ ኬኩ ጥሩ ነበር። ፒህላ ግማሹን በላች። የሐይቁን ደሴቶች ከሰሜን እስከ ደቡብ ሃያ ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ ትጠራ የነበረችው ልጅ አሁን ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ቆም ትልና ፊቴን ታያለች። ሐኪሟ ሊመለስላት ይችላል ብላለች። «ይችላል» የሚለው ቃል እንዲህ አጭር መሆኑን ከዚህ በፊት አላስተዋልኩም ነበር።

ስድስተኛና የመጨረሻው፤ መጪው እሑድ የሕፃናት ቀን ነው። የሳውናው ማስታወቂያ ሰባት ልጆች በዚያችው ጀልባ እንደሚወጡ፣ ዝናብ ከመጣም «እንዳይበርዳቸው ሸራው እንደሚዘጋ» ይገልጻል። ሽቦዋ እስከ ትናንት ማታ እንደተቆረጠች ነበረች። ስለዚህ ክቡርነትዎን በታላቅ ትሕትና የምለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ሸራው ሲዘጋ ሞተሩ ይጥፋ፤ በቃለ ጉባኤውም ላይ «ጀልባ አጥወልውሏት» የሚለው ተሰርዞ የሆነው ነገር ይጻፍ። ይቅርታ ይጠይቁ አላልኩም። እንዳይቸገሩ ብዬ ነው፤ በሃምሳ ዓመት ውስጥ በክለቡ ፋይል እንዲህ ያለ ቅጽ አልተዘጋጀም።

ለሰላማችን ሲሉ ለደከሙት ድካም ሁሉ በቦርዱ ጥበብ ጥላ ሥር ከሚኖሩ ሰባት ልጆችና ቃል ከሚጠፋባት ከአንዲት እህቴ ጋር ሆኜ በአክብሮት እጅ እየነሳሁ፣ ለዘለዓለም ታዛዥዎ፣

ኢልታ ሁቲነን
የአባልነት ቁጥር 61

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሽቦዋን ዛሬ ጠዋት ቀጠልኳት። አንድ ካቻቢቴ፣ ጥቂት ናስትሮና አራት ደቂቃ ነው የፈጀው። አባቴ ድንገት መጣና መቀመጫው ሥር የእጅ ባትሪ አበራልኝ። ሸራውን ዘግተን፣ ሁለታችን መትከያው ላይ ቆመን፣ ሞተሩን አስነሥተን ጠበቅን፤ በስድስተኛው ደቂቃ ጮኸች። እሑድ ከጮኸች እባክዎን መጀመሪያ ሸራውን ይክፈቱ፣ ቀጥለው ልጆቹን ያውጡ፣ ከዚያ በኋላ በእኔ ይቆጡ። ካቻቢቴዎን በቦታው መልሻለሁ። ፒንሳዎን ግን አልመልስም።