አለልክ የታጠበው መጥበሻ

ለእናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ግድግዳ ትይዣለሽ ወይስ ከዱላው ጋር ታረቅሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል? ሳልሽ እንደተሻለሽ ታናሼ ነግራኛለች፤ እሷ ግን እኔ እንዳልጨነቅ ስትል የማትሸፋፍነው ነገር የለምና አንቺው ራስሽ ጻፊልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ይህን ከጻፍኩ በኋላ እስክሪብቶውን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። ደህና ነኝ፤ ግን የምነግርሽ ነገር አለ። በስልክ ሁለት ጊዜ ጀምሬው ወሬውን ወደ አየሩ ጠባይ አዞርኩት።

የምንከባከባቸውን ሽማግሌ ታውቂያቸዋለሽ። ልብስ ሰፊ የነበሩት፣ ዓይናቸው የጠፋው። እኔ አባባ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ልጄ ይሉኛል። ጠዋት ጠዋት እንቁላል የምጠብስላቸው በሟች ባለቤታቸው መጥበሻ ነበር። ወፍራም ብረት ነው፤ እጀታውም አብሮት ከአንድ ቅርጽ የወጣ፣ በአንድ እጅ የማይነሳ። ውስጡ ከሰል ይመስላል።

አንቺ እንዴት አድርገሽ እንዳሳደግሽኝ ታውቂያለሽ። ድስት ፊት ካላሳየ አልታጠበም። ጥላሸት ያለበት ዕቃ ሰው ቤት ተሰቅሎ ካየሽ ባለቤቲቱን በልብሽ ታሚያታለሽ፤ ደጅ ስንደርስ ደግሞ በአፍሽ። እኔም አባባ ከሴት ልጃቸው ጋር ሐኪም ቤት የዋሉ ቀን ላስደስታቸው ተነሳሁ። በብረት ሽቦ ፈተግሁት፣ በሳሙና ዘፈዘፍኩት፣ የቀረውን በቢላዋ ፋቅሁት። ጥቁሩ በቅርፊት በቅርፊት ሲነሳ ደስ አለኝ። ሳንጎራጉር ነበር መሰለኝ። ከነውሃው ትቼው ተኛሁ። ጠዋት ቀይ ሆኖ ጠበቀኝ። ዝገት።

በሌላኛው፣ በቀጭኑ መጥበሻ ጠበስኩላቸው። አባባ ጠረጴዛው አጠገብ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ዛሬ እንቁላሉ ምን ሆኖ ነው የሚንሾካሾከው ሲሉ ጠየቁኝ። እሳቱ ደክሞ ነው አልኳቸው። በከባዱ መጥበሻ እንቁላል እንደሚያወራ፣ እሳቸውም ያንን ለመስማት ብለው ማልደው እንደሚነሱ በምን ልወቀው?

ልጃቸው ፋርማሲስት ናት። ስትመጣ መጥበሻውን አሳየኋት፤ ካፖርቷን ሳታወልቅ ቁጭ አለች። ያ ጥቁር ቆሻሻ አልነበረም አለችኝ። ዘይት ነው፤ እሳት እያበሰለ፣ ንጣፍ በንጣፍ ላይ እየደረበ ብረቱን ያለበሰው። እናቷ አርባ ዓመት የደረበችው። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብላ፣ «ሆድ ይፍጀው» አለችኝ። «የእናቴን ልብስ ሰጥተን ጨርሰናል። ለአባቴ ከእሷ የቀረው ድምፅ ይሄ ነው። አውቆ ይህችን ልጅ ከቤቴ አስወጡልኝ ቢልስ? እኔ እኮ አንቺን የሚተካ ሰው የለኝም።»

ምድር ቤት አንድ ጡረተኛ በያጅ ይኖራል። ለሁሉም ነገር «ቀስ» ስለሚል ሕንፃው በሙሉ ቀስዬ ይለዋል። ይዤለት ወረድኩ። አገላብጦ አይቶ፣ ስታጥቢው ነው ወይስ ስትገፍፊው የዋልሽው አለኝ። ከዚያ አስተማረኝ። ዝገቱ እስኪለቅ በደረቅ ጨውና በሻካራ ጨርቅ ማሸት። አለቅልቆ ወዲያው እሳት ላይ ማድረቅ። ዘይት መቀባት፣ የቀቡትን ደግሞ በስህተት እንደቀቡት ሁሉ መልሶ መጥረግ። ኦቨን ውስጥ ደፍቶ አንድ ሰዓት ማጋል፣ እዚያው እስኪበርድ መተው። እንደገና። እንደገና።

የኔ እጅ ስስ ነገር አያውቅም። አበዛሁት፤ ማር እንደፈሰሰበት የሚያጣብቅ ሆኖ ወጣ። ቀስዬ፣ ጠግቧል እኮ፣ ለምን ታጎርሺዋለሽ ብሎ ሳቀብኝ። ያንን ፍቄ ሁለተኛ ሳስገባው ቤቱ በጭስ ታፈነ፣ አባባም ከክፍላቸው ጠሩኝ። የምትደብቂኝ ነገር ምንድን ነው አሉኝ።

እማዬ፣ ዘይት ፈስሶብኝ ነው ልላቸው እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ለምን እንዳላልኩት እስካሁን አላውቅም። ደግ ስለሆንኩ አይመስለኝም። አራት ቀን ሙሉ በዚያ ሹክሹክታ ቁርስ ማቅረብ ሰልችቶኝ ይሆናል። «ባለቤትዎ አርባ ዓመት የደረቡትን አጥቤ ጣልኩት» አልኳቸው።

አምጪው አሉ። ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት። የስፌት መስመር እንደሚፈልግ ሰው ጣታቸውን ከዳር እስከ ዳር አስኬዱ። ተመለሱ። እንደገና አስኬዱ። ከዚያ መልሰው ሰጡኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ምሳ አልበሉም። ማታ ሻይ ብቻ። በማግስቱም እስከ ከሰዓት በኋላ አንድ ቃል አልወጣቸውም። እኔ ልብሴን አጣጠፍኩ። ሻንጣ ውስጥ አልከተትኩትም፤ አጣጠፍኩት ብቻ።

አሥር ሰዓት ገደማ ጠሩኝ። ያረጀ የጥጥ ሸሚዝ ጠየቁኝ። ክሩን ተከትለው ቀደዱት፣ ጫፉን ዘይት አስነክተው መጥበሻውን ያሹ ጀመር። ጣትሽ ከተንሸራተተ በዝቷል አሉኝ። እኔ ወደ እሳት አስገባለሁ፣ አወጣለሁ፤ እሳቸው ይቀባሉ፣ ይጠርጋሉ። በሁለት ቀን አምስት ጊዜ። መካከል ላይ አንዴ፣ በሕይወት እያለች ይህን ዕቃ ነክቼው አላውቅም፣ ማድ ቤት አታስገባኝም ነበር አሉ። መሳቅ አለብኝ ወይስ የለብኝም? ኦቨኑን ከፈትኩ።

ዛሬ ጠዋት ጠበስኩበት። በአንድ ጎኑ ያዘብኝ፤ ስፈነቅለው አስኳሉ ፈሰሰ። እንደዚያው አቀረብኩት። በልተው ጨረሱ፣ ሳህኑን በዳቦ ጠረጉ።

«ተጣብቋል» አሉ።

«አዎ አባባ።»

«ነገም ጥበሺበት።»

ታናሼን ሳሚልኝ፤ የሐኪም ቀጠሮሽን እንዳታስረሳሽ አደራ በያት። ወንድሜ ያን መስኮት ጠገነው ወይስ አሁንም ነገ ነው የሚለው? አክስቴን፣ የአክስቴን ባል፣ ስማቸውን ሳልጠራ ብቀር የሚያኮርፉትን ጎረቤትሽንም ሰላም በይልኝ። ሕፃኗን ጉንጯን ንከሽልኝ። አንቺን እኔ እስክመጣ ጉልበትሽንም ዓይንሽንም ይጠብቅልኝ። ቤት ውስጥ አንድም እንቁላል የለም፤ ሱቁ ሳይዘጋ ልውረድ።

ልጅሽ
ሦስተኛ ፎቅ፣ ከማድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ
ጥቅምት 19 ቀን፣ ሐሙስ