በሐይቁ ዳር ስለ አንተ የተሸከምሁት ድንጋይ

ይድረስ ሐረር ላለው ወንድሜ ለገብረአብ።

ይህን ደብዳቤ ቆመህ አታንብብ፤ ተቀመጥ። በብዙ ሐዘን የማስታውቅህ ነገር አለ። ቅዳሜ ዕለት ከሰፈራችን በታች ባለው ሐይቅ ዳር፣ ወዳጆቹ ሁሉ ከብበውት ሳለ፣ የዶሮ ወጡ ዐርፏል። ለቀብሩ ስንሰናዳ ውሻ ቀደመን።

ለመሆኑ አንተ እንደምን ከርመሃል? ክረምቱ እንዴት አለፈልህ? ያ የመንገዱ ንዳድስ ለቀቀህ? ድምፅህስ እንደ ጥንቱ ነው? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና፣ ከደብረ ብርሃን ብርድና ከእናታችን ቁጣ በቀር የሚነካን የለም።

ነገሩ የተነሣው በተማሪ ቤት ባልንጀራችን በታመነ ነው። ካቻምና በጥምቀት፣ ሕዝብ ሁሉ ቆሞ እየሰማ፣ ታመነ ዜማ ሲስት ጮክ ብለህ «ይህን ከፍየል ነው የተማርኸው?» ያልኸው ትዝ ይልሃል። አንተ ወዲያው ሐረር ወረድህ፤ እርሱ ግን ከዚያ ወዲህ ማኅሌት ቆሞ አፉን አልከፈተም። ዘንድሮ ደረቱን ታመመና ደም ይተፋ ጀመር። ባለቤቱ ወለተ ሥላሴ የነፍስ አባቱን ብታስጠራ፣ «ቂም ይዘህ አላቆርብህም፤ ከገብረአብ ታረቅ» አሉት። እርሱም «ገብረአብ ይምጣና ይለምነኝ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እንግዲህ አንተ ሐረር፣ እርሱ መደብ ላይ፤ ሞት ደግሞ መንገደኛ እስኪመለስ አይጠብቅም።

አበባውን አትረሳውም፤ በተማሪ ቤት ሳለን ለምኖ ያመጣውን ቁራሽ መንገድ ላይ የሚጨርሰው። አባቱ ድርቆሽ የሚያስጠብቁበት ጎጆ ሐይቁ ዳር አለ። «እዚያ እንውሰደውና እንደ ልጅነታችን ጥቂት አብረን እንሰንብት፤ ልቡ ይለዝብ ይሆናል» አለ። በቃሬዛ ወሰድነው። በሐይቁ ላይ የሚዋኙትን ዝዮች እያየ ሰነበተ።

ቅዳሜ ቆረጥሁ። ድንጋይ በማጅራቴ ተሸክሜ፣ «ዛሬ ዘርአ ዳዊት አይደለሁም፤ ወንድሜ ገብረአብ ነኝ፤ ማረኝ» ብዬ ከእግሩ ሥር ወደቅሁ። ታመነ ቀና ብሎ ድንጋዩን አየው። «የወንድምህ በደል ይህችን ታህላለች? በዚህችማ ወፍ አባርርባታለሁ» አለ። አበባውም፣ ለማን እንደ ቆመ እንጃ፣ «እውነቱን ነው፤ አታፍርም እንዴ? ደህና ድንጋይ ፈልግ!» አለኝ። ያ ሁሉ ጨፌ ነው፤ ድንጋይ ከየት ይምጣ? ዐይኔ ያየው ከዶሮ ወጡ ድስት ሥር ያለውን ጉልቻ ብቻ ነው። ሳላስብ መዝዤ ተሸከምሁት። ድስቱ ተገለበጠ፤ ጉልቻው ማጅራቴን ጠበሰው፤ «ማረኝ! ማረኝ!» እያልሁ ስጮኽ ለታመነ ይሁን ለድንጋዩ እኔም አልለየሁትም።

ታመነ ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀ። ወለተ ሥላሴ ደረቱን ደግፋ አብራው ሳቀች፤ አለቀሰችም። ሳሉ ሲለቀው፣ «አውርድለት እንጂ አበባው፤ ሰውዬው ተቃጠለ። ገብረአብን ይቅር ብዬዋለሁ፤ እርሱም ይቅር ይበለኝ» አለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያንኑ የጥምቀቱን ዜማ አነሣ። በዚያችው ቦታ ላይ ደግሞ ሳተ። አላረምነውም፤ ተቀብለን አብረነው ሳትን።

ሰኞ ቈረበ። ሐሙስ ዐረፈ። ይህኛውን «ዐረፈ» የጻፍሁት በቀልድ አይደለም፤ ወንድሜ፣ ባለህበት ቆመህ ጸልይለት።

እናታችን ወለተሐና «ልብስህን ደርብ፣ ምላስህን ሰብስብ» ብላሃለች። እኅታችን ደመቀች ጉንጭህን ትስማለች። አበባው ሰላም ይልሃል፤ ስለ ወጡ ግን ገና አኩርፎኛል። ወለተ ሥላሴም በጥቁር ልብሷ ሆና «እግዚአብሔር በሰላም ያግባው» ብላሃለች።

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት ፲፮ ቀን ፲፰፻፹፩ ዓመተ ምሕረት።

ማረሚያ። ከላይ «ታመነ ዜማ ሲስት» ተብሎ የተጻፈው ተሽሮ «ገብረአብ ሲስት» ተብሎ ይነበብ። ሁላችንን ያስተማሩን፣ በዚያ ጥምቀት አንኮበር ስለ ነበሩ ነገሩን ያልሰሙት መሪጌታ ገብረመንፈስቅዱስ ለልቅሶ መጥተው፣ ታመነ በሐይቁ ዳር ያዜመውን ብናሰማቸው «ልክ ነው፤ እኔው ነኝ እንዲህ ያስተማርሁት» አሉ። ታመነ ይህን ያውቅ ነበር። ይቅር ሲልህም ያውቅ ነበር።