ለቂንጬ የተገዛው ወፍጮ

መስከረም 24 ቀን 1961

ዛሬም ሙቀት። ባሮ ገና አልጎደለም፤ ልብስ የምናጥብበት ድንጋይ አሁንም ውኃ ውስጥ ነው። ብቅሉን ሰሌን ላይ አገላበጥኩት። ነገ ይደርቃል። ለዚህ አገር ሙቀት የማመሰግነው ለብቅል ብቻ ነው፤ ጎሬ ሳምንት የሚፈጀው እዚህ በሦስት ቀን ይደርሳል።

እጄ ግን... ሐምሌ ላይ የወንዙ ጭቃ አንሸራትቶ ከጣለኝ ወዲህ የቀኝ አንጓዬ አልተመለሰም። ወጌሻው ሁለት ጊዜ አሸው። መጁን ይዤ ሁለት ጊዜ ሳልገፋ ያቃጥለኛል። ሞተር ወፍጮ ቤት ደግሞ አልመለስም። ባለፈው ብቅሌ በርበሬ በርበሬ እያለ ነው የመጣልኝ። ጠላ ነው የምጠምቀው ወይስ ወጥ?

ጥቅምት 30 እሙዬ ዓመቷ ነው። እናቴ ስትሞት አልደረስኩም። ዝናቡ መንገዱን ዘግቶት መርዶው የመጣልኝ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። አፈር አላለበስኳትም። ስለዚህ ሙት ዓመቷን እዚሁ ጋምቤላ እደግሳለሁ፤ በጠላዋ። እሙዬ ጠላ ስትቀዳ በብርጭቆው ማዶ ጣቷ ይታይ ነበር። ጎሬ ይህን የማያውቅ የለም። እህቴ ከእሙዬ ማሳ የመጣ ገብስ ሁለት ስልቻ ላከችልኝ፤ ሰሌኑ ላይ ያለው ብቅል የአንዱ ስልቻ ነው። የመጨረሻው ነው... ማሳውን ባለርስቱ መልሶ ወስዶታል።

እሸቴ “የእጅ ወፍጮ እገዛልሻለሁ” አለኝ። ባሌ እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ሲወጣ ስንት ዘመኔ! ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ትፈልጊያለሽ ብሎ ግን አልጠየቀኝም።

መስከረም 26

ወንዙ ዳር ሙሐመድኑር ሱቅ ሄጄ አየሁ። ሁለት ወፍጮ አለው። አንዱ አዲስ ነው፤ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ጥርሱ ድንጋይ። ዱቄት ብቻ ነው የሚያወጣው፤ ማላሊያ የለውም። ሁለተኛው አንድ ግሪክ ነጋዴ አገሩ ሲገባ ትቶት የሄደ ነው። የዛገ፣ እጀታው በሽቦ የታሰረ። ግን ጥርሱ ብረት ነው፤ በጎኑ ብሎን አለው። ብሎኑ ሲጠብቅ ዱቄት፣ ሲላላ ሽርክት! እህሉን ሁለት ሦስት ቦታ ሰብሮ ይተወዋል።

የፈለግኩት እሱን ነው። እሙዬ “ብቅል ይሰበራል እንጂ አይፈጭም” ትል ነበር። ገለባው ካልተረፈ ጠላው በምን ይጠልላል?

ሙሐመድኑር “ለምን ሥራ ነው የፈለጉት፣ ወይዘሮ ፀዳለ?” አለኝ።

“ለጠ...” ከማለቴ እጁን አነሳ። “እህል ሊፈጩበት ነው። ይበቃኛል።” ዓይኑ መሬት መሬት ያያል። ሃይማኖቱ ነው፤ አልፈርድበትም። ግን እኔስ እንዴት ብዬ ላስረዳው? ሚስቱ ሰይዳ ከጓዳ ሆና፦

“ለቂንጬ ነው የፈለገችው። ቂንጬ ሽርክት ካልሆነ ይላቁጣል።”

ሙሐመድኑር ፊቱ በራ። “ለቂንጬ ከሆነማ ይኼ ነው” ብሎ የዛገውን መታ መታ አደረገው። ሰይዳን ልስማት ነበር።

ለእሸቴ ነገርኩት። የዛገው፣ ባለ ብሎኑ፣ እጀታው በሽቦ የታሰረው። ሦስት ጊዜ ነገርኩት። ጋዜጣውን እያነበበ “እሺ” አለ።

መስከረም 27

እሸቴ የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች አማክሯል። ወፍጮ! እድሜ ልካቸውን ማህተም ሲመቱ የኖሩ ሰዎች። አንዱ “ድንጋይ ጥርስ ይበልጣል” አለ አሉ። ሌላው “ዋናው መላሙ ነው” አለ አሉ። ከሁሉም አንድ ጋን የጠነሰሰ አለ? ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው።

“አማክራቸው” ያልኩት እኔ ነኝ? ለምን እኔን አላማከረም?

መስከረም 28

ሰማያዊውን ይዞ መጣ።

ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በመሐረብ ወለወለው። ከዚያ ጭብጥ ስንዴ ፈጭቶ ዱቄቱን በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አድርጎ “እይ! እንዴት እንደሚልም!” አለኝ። ዱቄቱ እውነትም ልሟል። እንደ ልብስ ሳሙና።

“የዛገውን ነበር ያልኩህ።”

“ዝገት ልታጠጪን ነው? አዲስ እያለ አሮጌ የሚገዛ ማን ነው? ደግሞ የላመ የጣመ ይባል የለ?”

ሰው የላመ የጣመ ይበላል። ማን የላመ ይጠጣል? ይህን በልቤ ነው ያልኩት። ለምን በልቤ? ሰው ፊት አይደለም፣ ሁለታችን ብቻ ነን... አፌን ግን የያዘው ነገር አለ። እሱ ሲጮኽ እኔ እዘጋለሁ፤ እሱ ደግሞ ተስማማች ይላል።

ይህን ደብተር ጌሾ ቅርጫት ውስጥ ነው የማስቀምጠው። እጁ እዚያ ደርሶ አያውቅም። ስለ ጠላ ግን ሁሉን ያውቃል።

መስከረም 29

አንዱን ስልቻ ፈጨሁ። በግራ እጄ። ምን ላድርግ? ለሙከራ ትንሽ ልፍጭ ብል “ተገዝቶልሽ ታመነቺያለሽ” ብሎ አጠገቤ ቆመ። ስልቻው እስኪያልቅ ቆመ። የእሙዬ ገብስ ብናኝ ሆኖ ቅንድቤ ላይ አረፈ።

ጎረቤቴ አጁሉ መጣች። የአገሩ ተወላጅ ናት፤ የማሽላ ጠላቸውን እንደሷ የሚጠምቅ በዚህ መንደር የለም። ዱቄቱን ቆንጠር አድርጋ ምላሷ ላይ አደረገችና ተፋችው።

“ይሄ ጠላ አይሆንም። ይሄ ለሕፃን ገንፎ ነው። ማን ፈጨ?”

“እኔ።”

“አንቺ ታውቂያለሽ። ለምን ፈጨሽ?”

እሸቴ ከውስጥ “ምን አለች?” አለ። “ልሟል አለች” አልኩት። እንዴት ያለሁ ውሸታም ነኝ።

ጥቅምት 3

ጠነሰስኩ። እንኩሮውን ጨመርኩ። ድፍድፉ ከአሁኑ እንደ አብሽ ወፍሯል፤ ማማሰያው ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ጥቅምት 9

ቀዳሁት። ድፍርስ። ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አነሳሁት፤ ጣቴ አይታይም፣ ፀሐይዋም አትታይም። ሁለት ጊዜ በጨርቅ አጠለልኩት፤ ጨርቁ ተደፈነ። ደግሞ ከአሁኑ ይኮመጥጣል።

እሸቴ ቀመሰ። ጢሙ ላይ አተላ ተንጠልጥሎ “የባሮ ውኃ ነው” አለ። ከዚያ “ጌሾው አርጅቷል” አለ። ከዚያ “እጅሽ ስለታመመ በደንብ አላማሰልሽውም” አለ። ውኃው፣ ጌሾው፣ እጄ። ወፍጮው ብቻ ንጹሕ ነው!

የእሙዬ ገብስ ነበር። ከማሳዋ ከቀረው ግማሹ። አለቀስኩ፤ ለሱ ግን አላሳየሁትም። አንድ ስልቻ ብቻ ቀረኝ። ይህም ከተበላሸ ሙት ዓመቷን በምን አወጣዋለሁ? በድፍርስ ነው የምሸኛት?

ከሰዓት ሰማያዊውን በጨርቅ ጠቅልዬ ተሸክሜ ሙሐመድኑር ሱቅ ሄድኩ። የዛገው አልተሸጠም! “ይህን ይውሰዱና ያንን ይስጡኝ” አልኩት።

“ለቂንጬው?” አለ።

“ለቂንጬው።”

“ስንት ሰው ነው ቂንጬውን የሚ... የሚበላው?”

“ስድሳ።”

ጢሙን አሻሸ። “ቂንጬ ካሉ ቂንጬ ነው። እኔ ወፍጮ እሸጣለሁ፤ ጋን አልፈትሽም። ነገር ግን ይህን የገዙት ባልዎ ናቸው። እሳቸው መጥተው ይለውጡ።”

“የምፈጨው እኔ ነኝ።”

“አውቃለሁ። ግን ነገ አቶ እሸቴ መጥተው ‘ወፍጮዬን ማን ወሰደው’ ቢሉኝስ?”

ሰይዳ ከጓዳ “ኧረ ተዋት” አለችው። አልተወኝም። የኔ እጅ፣ የኔ ብቅል፣ የኔ እናት... ወፍጮው ግን የእሸቴ! መልሼ ተሸክሜው መጣሁ። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አስቀመጥኩት፤ ከክብደቱ ይልቅ ንዴቴ ነው ያደከመኝ።

ጥቅምት 10፣ እሑድ

ሁለቱ የመሥሪያ ቤት አማካሪዎች ምሳ ተጋብዘው መጡ። እሸቴ “ጠላ ቅጂ” አለ። ዓይን ዓይኔን አየኝ፤ ሌላ አረቄ ምናምን ታመጣለች ብሎ ይሆናል። ቀዳሁላቸው። እስከ አፉ ሞልቼ።

ያ “ዋናው መላሙ ነው” ያለው ሰውዬ ጎንጨት አደረገና አኘከ። እውነቴን ነው፣ አኘከው።

“ወፈር ብሏል መሰለኝ...”

“የላመ የጣመ ነው” አልኩት። “እሸቴ ከናንተ ጋር መክሮ በመረጠው ወፍጮ የተፈጨ።”

እሸቴ ጆሮው ቀላ። ከሄዱ በኋላ “አዋረድሽኝ” አለኝ። “ጠላ ቀዳሁ እንጂ ምን አደረግኩ?” አልኩት። ይህን በልቤ አይደለም ያልኩት። በአፌ ነው!

ጥቅምት 12

ሁለት ቀን አላናገረኝም። እኔም አላናገርኩትም። የቀረው ስልቻ ብቅል ሰሌን ላይ ደርቋል፤ አልነካሁትም። ጠዋት ቁልቁል አየውና “ለምን አትፈጪውም?” አለ።

“በሱ አልፈጭም።”

“ዓመቱ ቢደርስስ?”

“ይድረስ። ውኃ አቀርባለሁ። ማን መረጠው ሲሉኝ እነግራቸዋለሁ።”

ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። በር ላይ ወፍጮውን ተሸክሞ ሲሄድ አየሁት... ሰማያዊውን።

እኩለ ቀን ላይ ተመለሰ። የዛገውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አልወለወለውም። ሙሐመድኑር ዘይት ቀብቶታል፤ የእጀታውን ሽቦ አውጥቶ አዲስ ብሎን አስገብቶለታል። እሸቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠና፦

“ያ ሰውዬ ቂንጬ ቂንጬ ይለኛል። ለስድሳ ሰው ቂንጬ ልታበዪ ነው?”

ሳቄ መጣ። ለቀቅኩት። እሱ አልሳቀም፤ ይቅርታም አላለም። ይቅርታ ከሱ አፍ ሲወጣ አልሰማሁም፤ ከሰማሁ እጽፈዋለሁ።

ጥቅምት 13

አጁሉ እጀታውን አዞረችልኝ። እኔ ብሎኑን ይዤ ነበር። መጀመሪያ አጠበቅኩት፤ ዱቄት። ሩብ ዙር አላላሁት፤ ገና። ሌላ ሩብ... ድምፁ ተለወጠ። ቀርጨጭ፣ ቀርጨጭ። መዳፌን ከሥሩ ዘረጋሁ። እያንዳንዱ ፍሬ ሁለት ሦስት ቦታ ተሰብሮ፣ ገለባው ሙሉ እንደሆነ ወረደ።

አጁሉ ቀመሰች። አልተፋችውም።

“ይሄ አዎ” አለች። “ይሄ እናትሽ ነው?”

ጥያቄዋ በአማርኛ እንደዚህ ነው የወጣላት፤ ‘የእናትሽ አፈጫጨት ነው ወይ’ ማለቷ ነበር። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው። እናትሽ ነው? አዎ፣ ነው። ስልቻው እስኪያልቅ እያለቀስኩ ብሎን ያዝኩ። አጁሉ ማዞሯን አላቆመችም።

ጥቅምት 17

ድፍድፉን ገለጥኩት። ገለባው ከላይ ወፍራም ሆኖ ተኝቷል፤ ሥሩ ፈሳሽ ነው። እንዲህ ነው። ክዳኑን መልሼ በጭቃ መረግኩት። እሸቴ “እንዴት ሆነ?” አለ። መጠየቅ ጀመረ!

ኅዳር 1

ትናንት ነበር። ደክሞኛል፤ ግን ካልጻፍኩት አልተኛም።

ስድሳ ያልኩት ሰው ሰባ ሆነ። ዳሱ አልበቃም፤ ማንጎው ሥር ሰሌን አነጠፍን። ቄሱ ፍትሐት አድርሰው ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለሳቸው ቀዳሁ። አነሱት፤ ወደ ብርሃን አዞሩት። ጣታቸው በማዶው ታየ። አምስቱም።

ሙሐመድኑርና ሰይዳ ሊያጽናኑኝ መጡ። ለነሱ ብርዝ ለብቻው አዘጋጅቼ ነበር። ሙሐመድኑር ብርዙን እየጠጣ በቄሱ እጅ ያለውን ብርጭቆ አየት አደረገ። “ቂንጬው ጥርት ብሏል፣ ወይዘሮ ፀዳለ” አለኝ ቀስ ብሎ። ሰይዳ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ከዚያ እሸቴ። ያ አኛኪ ጓደኛው “እንዲህ የጠራ ጠላ ጋምቤላ አይቼ አላውቅም፤ ምስጢሩ ምንድን ነው?” ሲለው ባሌ ተደላድሎ ተቀመጠ። ድምፁን ከፍ አድርጎ፦

“ምስጢሩ ወፍጮው ላይ ነው። ዱቄት ማድረግ የለብህም። እኔ ሁልጊዜ እንደምለው፣ ብቅል ይሰበራል እንጂ አይፈጭም።”

እኔ ሁልጊዜ እንደምለው!

ማንቆርቆሪያውን ይዤ መሐላቸው ቆሜ ነበር። ሰባ ሰው። ቄሱ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች፣ ሁሉም። ደሜ ፈላ። ከዚህች በቀር ቃሏ አልቀረኝም፣ መቃብሯን አላየሁም፣ ማሳዋን ወሰዱት... ይህቺን አንዲት ቃል ደግሞ በሙት ዓመቷ ዕለት፣ ጠላዋን እየጠጣ፣ ባሌ ይውሰዳት?

“የእናቴ ቃል ነው” አልኩ።

ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ። ማንጎው ሥር ያሉት ዞሩ። አጁሉ ከምድጃው አጠገብ ቀና አለች።

“ብቅል ይሰበራል እንጂ አይፈጭም ያለችው እናቴ ናት። ገብሱም የሷ ነው። እሸቴ ያመጣው የመጀመሪያው ወፍጮ ግማሹን አበላሽቶታል። የቀረው ይኼ የምትጠጡት ነው።”

ማንቆርቆሪያውን በሁለት እጄ ያዝኩት። አሁን ይቆጣል አልኩ። ይቆጣ።

እሸቴ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ጆሮው እንደዚያ እሑድ ቀላ። ወደ ሰዎቹ ዞረና፦

“እውነቷን ነው” አለ። “የእሙዬ ቃል ነው። ነፍሷን ይማር።”

ተቀበሉት፤ “ነፍሷን ይማር” አሉ ሁሉም።

አሥራ አንድ ዓመት በትዳር ስንኖር “እናትሽ” ነበር የሚላት። በሕይወቷም፣ መርዶዋን ሲነግረኝም። እሙዬ ብሎ አያውቅም። ይህቺን ለማለት ሁለት ወፍጮና አንድ ስልቻ ገብስ ፈጀብኝ።

ደብተሩን ዛሬ ጌሾ ቅርጫት ውስጥ አልመልሰውም። ጠረጴዛው ላይ ይደር፤ ከወፍጮው አጠገብ።