እጅህን ያላወጣህበት ስብሰባ

ውድ ታናሼ፣

ስልክ አላነሳ ስትለኝ ሱቅህ ድረስ መጣሁ። ሠራተኛህ «የሉም» አለችኝ፤ እግርህ ከባንኮኒው ሥር እየታየኝ። በዚህ ዕድሜዬ ከወንድሜ ጋር ድብብቆሽ አልጫወትም ብዬ ጥዬ ወጣሁ። ስለዚህ እጽፍልሃለሁ።

ትልቁ የቀለም ፋብሪካ እንደ እኔ ያለውን ትንሽ አምራች ከገበያ ለማስወጣት «ከእኛ ሌላ የማንንም ቀለም አትሽጡ» ብሎ የከተማውን የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ ሁሉ ሲያስፈርም አንተም ፈረምክ። በዚያ አልተቀየምኩህም። የተቀየምኩት ውሉን ባጸደቀው የንግድ ውድድር ባለሥልጣን ነው። ከማጽደቁ በፊት ነጋዴውን በነጻነት መስማት ሕጉ ያስገድደዋል። እሱ የሰማችሁ ግን በዚያው ፋብሪካ አዳራሽ ነው። «የምትቃወሙ እጅ አውጡ» ሲባል የፋብሪካው የሽያጭ ኃላፊ ፊት ለፊታችሁ ቆሞ በስልኩ ይቀርጻችሁ ነበር። ይህን የነገርከኝ አንተው ነህ።

«ጋሼ፣ እጅ ማውጣቱ ይቅርና አፍንጫዬን ማከክም ፈርቼ ነበር እኮ» አልከኝ። አብረን ሳቅን። ውሳኔው ሲወጣ ግን «ነጋዴዎቹ በሙሉ ድምፅ ደግፈዋል» ይላል።

ይግባኝ አልኩ። ትናንት ችሎት ቆሜ ውሉ እንዴት እንዳነቀኝ ማስረዳት ስጀምር ዳኛዋ አስቆሙኝ።

«ውሉ ገበያውን ይጎዳል አይጎዳም የሚለውን የመረመረው ባለሥልጣኑ ነው፤ በእሱ ቦታ ተቀምጠን አንወስንም። እኛ የምናየው ሕጉ ባዘዘው መንገድ መወሰኑን ነው። አዳራሹ ውስጥ የነበረ ምስክር አለዎት?»

«አለኝ። ወንድሜ ነው።»

«ይመጣሉ?»

ትገባ ይሆን ብዬ ወደ በሩ ዞርኩ። ጠበቃዬ በክርኑ ጎሸም ሲያደርገኝ «ይመጣል» አልኩ።

አልዋሽህም። በመሰከርክ ማግስት ፋብሪካው ቀለም ይከለክልሃል። የእኔ ቀለም ብቻውን ሱቅህን አያቆመውም። ባለቤትህ «ሰውዬው ሰምጦ ሊያሰምጥህ ነው» ብላለች አሉ፤ እውነቷን ነው፣ የምመልስላት የለኝም። ካልመጣህ ግን ውሉ ይጸናል፣ እኔም ቀለሜን የሚሸጥልኝ አንድ ሱቅ ሳይኖር እዘጋለሁ። አብረውኝ ያረጁትን ሠራተኞች ምን ብዬ አሰናብታቸዋለሁ? ሕጉን አንቀጽ በአንቀጽ አውቀዋለሁ፤ አንድም ቀን አልጠቀመኝም። ልመና ደግሞ አላውቅበትም። ይኸው እንደ ምንም እየለመንኩህ ነው።

ችሎቱ ሐሙስ ጠዋት ነው። እንቢ የምትል ከሆነም ሰው አትላክብኝ፤ ራስህ መጥተህ ፊቴን እያየህ ንገረኝ። የቀለም ማሽኖቼ ሥራ ፈትተው ስለቆሙ፣ በሩን ቀስ ብለህ ብታንኳኳም እሰማሃለሁ።

ታላቅህ