የግራው ክንፍ ስፌት

ለኢብሳ እናት፣

ለባሌም ለነፍስ አባቴም ያልነገርኩትን ዛሬ ለእርስዎ እጽፋለሁ።

እንደምን ከርመዋል? የሳጉሬ ብርድ ጉልበትዎን እንዴት አደረገው? እኔ ዕዝራን ከቀበርኩ ወዲህ አሰላ ከመጻሕፍቱ ጋር አለሁ። ፊደል ብቻዬን ተምሬ፣ እሱ ያነበበውን ሁሉ አንብቤያለሁ።

እሑድ የልጅ ልጅዎ ዱሬሳ መጥቶ ነበር። አባቱ ኢብሳ የወደቀበትን ዓይነት ሞተር አልባ አውሮፕላን ከጭላሎ ተራራ በላይ፣ እጅግ ከፍ ብሎ በፍጥነት እንዲበር እያሻሻለ ነው። "ጋሽ ዕዝራ ስፌቱን በየሁለት ጣቱ አጥብቀውትም ጨርቁ ተገፈፈ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የስፌት አይደለም። እኔ በየአራት ጣቱ እተወዋለሁ፣ ክብደትም ይቀንስልኛል" አለኝ።

እናቴ፣ በየሁለት ጣቱ አልተሰፋም።

ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ላለመውደቅ መፍጠን ያስፈልጋል። ሲፈጥን ደግሞ ነፋሱ ጨርቁን ከክንፉ አጥንት ይነቅለዋል። ዕዝራ ይህን አስልቶ የሁለቱንም ክንፍ ስፌት በየሁለት ጣቱ እንዳጠብቅ ሰጠኝ። ቀኙን ጨረስኩ። ግራውን ልጀምር ስል የማርያም ዕለት ሆነ። እሱ ጴንጤ ስለነበር "መርፌሽ ዛሬም ፈቃድ ወጣ?" እያለ ይቀልድብኛል። ያን ቀን ቀልዱን መስማት አልፈለግሁም። ማጣበቅ ስፌት አይደለም ብዬ፣ በአሮጌው ላላ ያለ ስፌት ላይ ስፌት የሚሸፍነውን ጨርቅ ለጠፍኩና "አልቋል" አልኩት። ነገ ገልጬ በድብቅ እሰፋዋለሁ ብዬ ነበር። ማታ ግን ነፋሱ ተስማምቷል፣ ጠዋት ይበራል ተባለ።

ጠዋት ሜዳው ላይ ልናገር ተጠጋሁ። ኢብሳ ስቆ "እህት ዓለም፣ ዛሬ የሰፋሽውን ለብሼ ሰማይ ልገባ ነው" አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በመኪና ተጎትቶ ተነሣ፤ ጭላሎ አናት ሲደርስ የግራው ክንፍ ጨርቅ ተገፈፈ።

ሽማግሌዎች ሲጠይቁ ዕዝራ "ሒሳቡን የሳትኩት እኔ ነኝ" አለ። እርስዎም ረገሙት፤ ሲሞትም ቀብሩ ላይ አልቆሙ። አልፈርድብዎትም። ያኔ ዕዝራ ስብርባሪውን ሲለቅም የግራውን ክንፍ ለማንም ሳያሳይ እዚያው አቃጠለው። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን ስፊልኝ ብሎኝ አያውቅም፤ የሸሚዙን ቁልፍ እንኳ ራሱ ይተክል ነበር። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

እርግማኑን ከእሱ ያንሱለት፤ ወደ እኔ ይመልሱት። ይቅርታ ግን ለመለመን አልደፈርኩም።

እግዚአብሔር የልጅ ልጅዎን በሰላም አውጥቶ በሰላም ያስገባልዎ፤ ሁለተኛ ሐዘን አያሳይዎ።

የዕዝራ ሚስት

ማንበብ ስለማይችሉ፣ ይህን ወረቀት ከእጄ ተቀብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነብልዎ ዱሬሳ ነው።