ለጥያቄ ቁጥር አሥራ አራት አዘጋጅ፣ ከወደቀችው ዓሣ ሻጭ

ለተከበሩ የሥልጠናና የብቃት ማረጋገጫ መምሪያ ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ይልቁንም በመምሪያዎ እንግዳ መቀበያ አዳራሽ ያሉት ዓሣዎችዎ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከድንጋጤ በቀር ደኅና ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የጌጥ ዓሣና ወፍ ስሸጥ የኖርኩ ሴት ስሆን፣ ባለፈው ወር በመምሪያዎ ደግነት ስለ ዓሣ ምንም እንደማላውቅ በማኅተም ተረጋግጦልኛል። በዚሁ ምክንያት ሱቄ የፊታችን ሰኞ ጠዋት ይታሸጋል። ለዚህ ሁሉ ውለታ ቢሮዎ መጥቼ በቃል ማመስገን ስላነሰብኝ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ሥልጠናው። ለቤት እንስሳትና ለዓሣ ሱቅ ባለቤቶች የተሰጠው የሦስት ቀን ሥልጠና ዕድሜዬን ሙሉ የማልረሳው ነው። አሠልጣኛችን እጅግ ጨዋ ሰው ሲሆኑ፣ እስካለፈው ዓመት ድረስ ጎማ ጠጋኞችን ያሠለጥኑ እንደነበር ራሳቸው አልደበቁንም። ለማሳያ ያቀረቡልን ዓሣ የላስቲክ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ሳይሞት በመቆየቱ አሠልጣኙ ይህንኑ ለዘዴያቸው ማስረጃ አድርገው ጠቀሱት፤ እኛም አጨበጨብን። አንዲት ባልደረባችን በቅን ልቦና በቀቀኗን ይዛ በመጣችበት ቀን ግን እሳቸው ኮሪደር ላይ ቆመው፣ በተከፈተው በር በኩል አስተማሩን። ድምፃቸው በደንብ ይሰማ ስለነበር ቅሬታ የለኝም።

በዚያው ሰሞን ጎናችን ባለው አዳራሽ የፍራሽ ነጋዴዎች ስብሰባ ነበር። አንድ የሰፈሬ ፍራሽ ነጋዴ በር ተሳስቶ ከእኛ ጋር ተቀመጠ፤ መሳሳቱን በሁለተኛው ቀን ቢያውቅም ተነሥቶ መውጣቱ ነውር መስሎት ቀረ። ፈተናውን አንደኛ ወጣ! ስለ ዓሣ ቀድሞ የሚያውቀው አንዳች ነገር ስላልነበረ የሚያደናግረው አልነበረም። ዛሬ በሰፈራችን ዓሣ ለመሸጥም ለመመገብም በሕግ ብቁ የሆነው ብቸኛ ሰው እሱ ነው። ሰውየው ሐቀኛ በመሆኑ ሰርተፊኬቱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሱቄ ድረስ አመጣና፣ እትዬ፣ በሞቴ ይኼን ግድግዳዎ ላይ ይስቀሉትና ይገላግሉኝ ብሎ ለመነኝ። ፎቶግራፉ ላይ ያለው ጢም እኔን ስለማይመስል እያዘንኩ መለስኩለት።

ሁለተኛ፤ ስለ ጥያቄ ቁጥር አሥራ አራት። ጥያቄው የዓሣ ገንዳ እንዴት እንደሚጸዳ የሚጠይቅ ነበር። እርስዎ በፈረሙበት መመሪያ መሠረት ትክክለኛው መልስ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ውሃው በሙሉ ይደፋል፣ ገንዳው፣ ጠጠሩና የማጣሪያው ስፖንጅ በሳሙና ይታጠባሉ፣ ከዚያም ገንዳው ከቧንቧ ወዲያው ይሞላል የሚለው ነው። እኔ ግን በድፍረት፣ ከውሃው ሩቡ ብቻ ይቀየራል፣ አዲሱም ውሃ አንድ ቀን በባልዲ ያድራል፣ ሳሙና ግን በጭራሽ ገንዳው አጠገብ አይደርስም ብዬ ጻፍኩ። ምክንያቱንም ጨመርኩ፤ በጠጠሩና በስፖንጁ ላይ ዓይን የማያያቸው ጠቃሚ ተህዋሲያን ይኖራሉ፣ የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጣሩት እነሱ ናቸው፣ እነሱን አጥቦ የጨረሰ ሰው ዓሣውን በገዛ ሽንቱ ይገድለዋል አልኩ። የፈተና ወረቀቴ ሲመለስልኝ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ፣ ከጎኑ «ንጽሕና ይጎድላታል» ተብሎ ተጽፎበታል። ኧረ ጉድ! የወደቅሁት በዚያች በአንዲት ጥያቄ ነው።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው በአንድ ወቅት ልክ እንደ መመሪያዎ ንጹሕ ሰው ነበር። ገንዳውን እስኪያንጸባርቅ ያጥባል፣ በሳምንቱ ዓሣ ይቀብራል፣ እንደገና መጥቶ ይገዛል። ለንግዴ ከእሱ የተሻለ ደንበኛ አልነበረኝም። አንድ ቀን አንጀቴን ስለበላው ባልዲና የውሃ መሳቢያ ጎማ ሰጥቼ፣ ሳሙናውን ነጥቄ ወደ ቤቱ መለስኩት። ያን ቀን የገዛት ዓሣ ዛሬ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እሱም ከዚያ ወዲህ ሌላ ዓሣ ከእኔ ገዝቶ አያውቅም።

ይግባኝ ልል ብሄድ፣ ይግባኙን የሚያየው ጥያቄውን ያወጣው ኮሚቴ መሆኑን፣ ውሳኔውም በአርባ አምስት የሥራ ቀናት እንደሚደርሰኝ በመስኮቱ በኩል በትሕትና ተነገረኝ። ሰርተፊኬት ያለው ባለሙያ በምስክርነት እንዳቀርብም ታዘዝኩ። በሰፈራችን ያለው አንድ ብቻ ስለሆነ ፍራሽ ነጋዴውን ይዤ ሄድኩ። እሱም ተጠይቆ፣ እግዜር ይስጠው፣ አላውቅም አለ።

ሦስተኛ፤ ስለ እሽጉ። የደረሰኝ ማስጠንቀቂያ ሱቁ ሲታሸግ መብራቱም አብሮ እንደሚቆረጥ ይገልጻል። ክቡር ሆይ፣ አየር የሚነፋው መሣሪያ የሚሠራው በመብራት ነው። በሱቄ ውስጥ ሁለት መቶ አርባ ያህል ዓሣ አለ፤ አርባ አምስት የሥራ ቀን ቀርቶ ማክሰኞን የሚያዩት ጥቂቶቹ ናቸው። እዚህ ላይ ቀልዱን ትቼ እውነቱን ልናገር፤ ከፍቶኛል። ገንዳዎቹን መስታወት እየቆረጠ አንድ በአንድ የሠራልኝ ሟቹ ባለቤቴ ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ ጠዋት ስከፍት ወደ መስታወቱ ተሽቀዳድመው የሚመጡልኝ እነሱ ናቸው። ዓይኔ እያየ በወረቀትና በሙጫ ታፍነው እንዲያልቁ አንጀቴ አይችልም። የምለምነው የፈተና ወረቀቴ ዓሣ አርብቶ በሚያውቅ በማንኛውም ሰው እንደገና እንዲታይልኝ፣ እስከዚያውም ሱቁ እንዳይታሸግ ብቻ ነው።

ጊዜዎን ስለ ወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለንጽሕና ላለዎት ፍቅር ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ። መልስዎን እስከ እሑድ ማታ በታላቅ አክብሮት የምጠባበቅ፣

በሕግ የተረጋገጠች አላዋቂ፣ ዓሣ ሻጭዎ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ሊረሳኝ ነበር። ከሰባት ወር በፊት መመሪያዎ በወጣ በሳምንቱ፣ እርስዎ ለመስክ ጉብኝት በሄዱበት ቀን፣ የአዳራሽዎ ገንዳ ልክ በመመሪያው መሠረት በሳሙና ታጥቦ ነበር። ከምሳ ሰዓት በፊት አሥራ አንዱም ዓሣዎች ሆዳቸውን ወደ ላይ አደረጉ። ማን እያለቀሰ እንደ ደወለልኝ ሆድ ይፍጀው፤ ፈልገው አይድከሙ፣ ሠራተኞችዎ ሁሉ ያደረጉት እርስዎ እንዳያዝኑ ብለው ነው። መልካቸውና ቁመታቸው የሚመሳሰል አሥራ አንድ ዓሣ ከነአሮጌው ስፖንጅ ከሱቄ አምጥቼ ተካሁ። ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ፣ እርስዎ ምሳ ሲወጡ፣ ሁለት ባልዲ ያደረ ውሃ ይዤ በጓሮ በር እየገባሁ ሩቡን እቀይራለሁ። በመመሪያው ሁለተኛ እትም ሽፋን ላይ፣ «መመሪያችን በተግባር» ከሚለው ጽሑፍ በላይ፣ እርስዎ ፈገግ ብለው አጠገባቸው የቆሙላቸው ዓሣዎች የእኔ ናቸው። ሰኞ ሱቄ ከታሸገ ውሃ የማሳድርበት ቦታ ስለማይኖረኝ ሐሙስ አልመጣም። ሳሙናው ከእጅ መታጠቢያው ሥር፣ በስተግራ በኩል ነው።